ለቅሶ የተከለከለበት ዘመን፦ ቀይ ሽብር በእናቴ ትዝታ

ስለ ቀይ ሽብር ብዙ ተጽፏል፤ አሁንም እየተጻፈ ነው። የኢሕአፓን ታሪክ ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» በሚል ርእስ በተከታታይ ቅጾች አቅርበውልናል። የመኢሶንን ወገን አንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ብለው ጽፈውታል። የደርግ ሰዎችም ከዚህ ወደ ኋላ አልቀሩም። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን አሳትመዋል። እነዚህን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። መልሳቸው ለየቅል ቢሆንም ደጋግመው የሚመለሱበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ጀመረው? የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰው ማን ነው? ቀዩን ሽብር የወለደው ነጩ ነው ወይስ ነጩን የወለደው ቀዩ?

ጥያቄው ዋጋ የለውም አልልም። የታሪክ ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ የኖረው አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ይህን አልነበረም። እናቴ በ1969 ዓ.ም. የ19 ዓመት ወጣት ነበረች። ከእነዚያ ድርጅቶች መሪዎች አንዱንም በአካል አይታ አታውቅም፤ ስለ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የምታውቀውም በቀበሌ ስብሰባ የሰማችውን ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟን ግን በዚያ ዓመት አጥታለች። ስለ ዘመኑ ባነሳሁባት ቁጥር ጥያቄዋ ከመጻሕፍቱ ጥያቄ ይለያል። «ማን ጀመረው?» አትልም፤ «ማን አለቀሰለት?» ነው የምትለው።

ዛሬ 68 ዓመት የሞላት የእናቴን ትዝታ ለአንባቢ የማቀርበው የቤተሰቤ ሐዘን ከሌላው ሰው ሐዘን ስለሚበልጥ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከዚህ የባሰ አይተዋል። የማቀርበው፣ በመሪዎቹ መጻሕፍት ውስጥ ጎልቶ የማይታይ አንድ እውነት በእሷ ትዝታ ውስጥ ስለሚገኝ ነው። ቀይ ሽብር በቤተ መንግሥት የታወጀ ቢሆንም በሰፈር የተፈጸመ፣ ጎረቤት በጎረቤት ላይ የተሠማራበት ወንጀል ነበር። የጣለው ጠባሳም በግድያው ብቻ አላበቃም። ሰው ሙቱን እንዳያለቅስ፣ ጎረቤትም ለቅሶ እንዳይደርስ መከልከሉ ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር። ግድያው ቆሟል፤ ይህ ሁለተኛው ጥፋት ግን እስከ ዛሬ አልተጠገነም።

የእናቴ የቀን መቁጠሪያ

የቃል ትዝታን በማስረጃነት የሚጠራጠሩ ብዙ ባለሙያዎች አሉ፤ ጥርጣሬያቸውም ምክንያት አለው። ሰው ይረሳል፣ ያዛባል፣ በኋላ የሰማውን በፊት ካየው ጋር ያደባልቃል። ስለዚህ የእናቴን ትረካ ከታተሙ ሰነዶች ጋር ማመሳከር ነበረብኝ። ያስቸገረኝ ነገር ቢኖር እናቴ ቀን በቁጥር አለመያዟ ነው። ሁሉን ነገር የምታስታውሰው በጾምና በበዓል ነው።

«ትልቁ አሰሳ ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ገና ጾም ላይ ነበርን» ትላለች። በ1969 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 2 ቀን ነው። በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የተካሄደው የመጀመሪያው ታላቅ አሰሳ ደግሞ ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ለቀናት የዘለቀው ነው። በዚያ ዓመት ደብረ ዘይት መጋቢት 4 ቀን ስለነበር አሰሳው የደረሰው በእርግጥም ከዚያ በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይፈታ ነው። «ደም የተረጨው በዳግም ትንሣኤ ነው» ትላለች ደግሞ። ኮሎኔል መንግሥቱ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ተገኝተው፣ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት የሰባበሩበት ቀን እሑድ ነበር፤ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ ዳግም ትንሣኤ። ወንድሟ የተወሰደው «ከሜይ ዴይ በፊት፣ ዓርብ ማታ» ነው። ሚያዝያ 21 ቀን ዓርብ ነበር። የዓለም ሠራተኞች ቀን ዋዜማ ላይ ለሰላማዊ ሰልፍ ተዘጋጅተዋል የተባሉ ብዙ መቶ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ በአዲስ አበባ የተገደሉትም በዚያው ሌሊት ነው።

ትዝታዋ ቀኑን በሰዓት የመዘገበ ያህል ልክ ነው። በሰነዱ ላይ የማይገኘውን ነገር ስትነግረኝም በቀላሉ የማልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ ስለ ጢሱ ትነግረኛለች። በዚያ በመጋቢት፣ አሰሳው ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት፣ ምሽት ላይ በሰፈሩ ካሉት ማድ ቤቶች ሁሉ ጢስ ይወጣ ነበር። ማንም እንጀራ የሚጋግርበት ሰዓት አልነበረም። «ሁሉም የሚያቃጥለው ወረቀት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም» ትላለች። የሚቃጠለው የድርጅት ጽሑፍ ብቻ አልነበረም። የወንድሟ የዩኒቨርሲቲ ማስታወሻ፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ላይ ሳለ ከገጠር የጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ከዘማች ጓደኞቹ ጋር የተነሳቸው ፎቶግራፎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ምድጃ ገቡ። ፎቶው ላይ ያለው ጓደኛ ነገ ምን ተብሎ እንደሚፈረጅ የሚያውቅ አልነበረምና። አጎቴን በመልክ የማውቀው ከሕፃንነቱ በተረፈች አንዲት ፎቶ ብቻ ነው። የዚያ ትውልድ ታሪክ በስደትና በግድያ ብቻ ሳይሆን በገዛ እናቶቹ ምድጃ ውስጥም ተቃጥሏል።

ስኳር የሚያድለው እጅ

የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ በተለምዶ ቀበሌ የምንለው፣ የተቋቋመው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ሲመሠረት ያሰበው በጎ ነገር ነበር። ከመቶ ብር የማይበልጥ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ያስተዳድራል፣ ጥቃቅን ክርክሮችን ይዳኛል፣ መንገድና ውኃ ያሻሽላል። የቤት ኪራይ በአዋጅ ስለቀነሰላት አያቴ ቀበሌውን መርቃ ተቀብላው ነበር። በ1969 ዓ.ም. መግቢያ በወጣ ሌላ አዋጅ የቀበሌዎቹ ሥልጣን ሰፋ፤ የራሳቸው ጥበቃም ኖራቸው። በመስከረም 1969 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገና በከተማው የድርጅት ሰዎች እርስ በርስ መገዳደል ከጀመሩ በኋላ ደግሞ አብዮት ጠባቂ የሚባሉት የሰፈር ልጆች መሣሪያ ታጠቁ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት ተገድለው ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ሲጠቃለል፣ «ነፃ እርምጃ» የሚለው ቃል የየዕለቱ ቋንቋ ሆነ። ነፃ እርምጃ ማለት ያለ ፍርድ፣ ያለ ክስ፣ ያለ መዝገብ መግደል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይገኛል። መጽሐፉ የማይነግረን፣ እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ እጅ ሲሠሩ ለነዋሪው ምን ትርጉም እንደነበረው ነው። እናቴ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኛለች፦ «ስኳር ስንወስድ ስማችንን የሚጠራው ልጅ ነው ሌሊትም መጥቶ የጠራን።»

ልጁ ከአጎቴ ጋር አብሮ አደግ ነበር። ቤታቸው በአንድ አጥር ይለያል። ሁለቱ አንድ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ አንድ መጽሐፍ ተዋውሰው አንብበዋል፤ በልጅነቱ እናቱ ገበያ ስትውል ምሳውን የሚበላው ከአያቴ ማዕድ ነበር። ከመጽሐፉ ግን ሁለቱ የተለያየ ነገር አገኙ። አጎቴ በጊዜው ያልተመረጠ ወታደር ሥልጣን ሊይዝ አይገባም ከሚሉት ወገን ሆነ፤ የድርጅት አባል መሆን አለመሆኑን እናቴ አታውቅም። ልጁ ደግሞ አብዮቱን ከውስጥ ሆነን እንመራዋለን የሚለውን የመኢሶንን ሐሳብ ተከትሎ የቀበሌው የውይይት ክበብ አንቀሳቃሽ፣ ኋላም አብዮት ጠባቂ ሆነ። ያን ዓርብ ማታ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ አያቴ ድምፁን ለይተው «ግባ ልጄ፣ እራት አልቀረበም» እንዳሉት እናቴ ትናገራለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ ለጥያቄ ነው፤ ይመለሳል» አላቸው።

አጎቴ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም። በማግስቱ አያቴና እናቴ ከሌሎች እናቶች ጋር ከአንድ ሆስፒታል አስከሬን ማቆያ በር ላይ ዋሉ። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰቦች የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የተተኮሰበትን ጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ ተጠይቀዋል፤ በየመንገዱ ለተጣሉት አስከሬኖችም በደረታቸው ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍባቸው ነበር። አያቴ ለጥይቱ የሚሆን ገንዘብ በመቀነታቸው ቋጥረው ሦስት ቀን ተመላለሱ። የሚከፍሉለት አላገኙም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የናዚ ጀርመን ግድያ በሩቅ ካምፕ፣ በማያውቁት ሰው እጅ የተፈጸመ ነበር ስንል እንሰማለን። የእኛው በአብዛኛው እንዲህ አልነበረም። ገዳዩ የሟቹን እናት «እማማ» ይላል። ወንጀሉ ከባሕር ማዶ ተሻግሮ ሲዳኝ እንኳ የታየው ይኸው ነው። በአሜሪካ አትላንታ፣ ሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረውን አሠቃያቸውን ለፍርድ አቅርበው በ1985 ዓ.ም. የረቱት፣ አንደኛዋ በምትሠራበት ሆቴል እሱም ተቀጥሮ ስላየችው ነው። በዴንቨር ከተማ በ2006 ዓ.ም. 22 ዓመት የተፈረደበት የቀድሞ የእስር ቤት ጠባቂም በቁጥጥር ሥር የዋለው፣ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ የቀድሞ እስረኛ ዓይቶ ስለለየው ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በባዕድ አገር፣ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚተዋወቁ ሰዎች ነበሩ።

ወንፊት ለመዋስ

የለቅሶ ክልከላው በቀበሌው ስብሰባ ላይ በይፋ ተነገረ። ለፀረ አብዮተኛ ማልቀስ ፀረ አብዮተኝነት ነው ተባለ። ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ፣ እዝን ማምጣት፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ተከለከለ። እንዲህ ያለው ክልከላ በእናቴ ሰፈር ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ከልዩ ልዩ ሰፈሮች የተረፉ ሰዎች የመሰከሩት ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ ላደገ ሰው ይህ ከግድያው አንጻር ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን እናውቀዋለን። ለቅሶ በእኛ አገር የግል ስሜት ብቻ አይደለም፤ ተቋም ነው። እድር አለው፣ ድንኳን አለው፣ ሦስት ቀን፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት አለው። ለዓመታት የተኳረፉ ሰዎች የሚታረቁት በለቅሶ ቤት ነው። ሀብታምና ድሃ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጠው በለቅሶ ነው። መርዶ እንኳ በወግ የሚነገር፣ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ የሚያረዳው ነገር ነው። ይህን መከልከል ማለት ሰፈርን ሰፈር ያደረገውን ክር መበጠስ ማለት ነው። ደርግ ይህን አስቦበት ይሁን በፍርሃት ያድርገው፣ ውጤቱ ያው ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ሐዘኑን ይዞ ለብቻው ቀረ።

ሆኖም የሰፈሩ ሴቶች መንገድ አላጡም። እናቴ እንደምትለው፣ ወንድሟ በተወሰደ በአራተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት መጣችና ወንፊት ለመዋስ ጠየቀች። ቁጭ አለች፤ ምንም አልተናገረችም፤ ጥቂት ቆይታ ወንፊቱን ይዛ ሄደች። ከሰዓት ሌላዋ መጥታ ሰፌድ ተዋሰች። በማግስቱ ሙቀጫ የጠየቀች መጣች፣ ጨው የጠየቀችም ነበረች። አያቴ ለሁሉም ሰጡ። «አንድ ሳምንት ሳይሞላ ቤታችን ውስጥ ዕቃ አልቀረም» ትላለች እናቴ፣ ይህን ስትናገር ብቻ ፈገግ ብላ። ለቅሶ መድረስ ነበር። የተዋሱት ዕቃ ሲመለስም አንድ በአንድ፣ በየተራ፣ በየቀኑ ነው፤ እሱም ለቅሶ መድረስ ነበር።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ግን ይህ አይደለም። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መኢሶን ከደርግ ጋር የነበረውን ኅብረት አፍርሶ ወደ ኅቡዕ ገባ። ትናንት አሳዳጅ የነበሩት ዛሬ ተሳዳጅ ሆኑ። የድርጅቱ መሪዎች ገሚሶቹ ከከተማ ሲወጡ ተያዙ፤ በየቀበሌው ያሉ ተከታዮቻቸውም አንድ በአንድ ተለቀሙ። ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ በነበሩት ወራት ግድያው በአዲስ አበባ እንደገና በረታ። ያ አብዮት ጠባቂ፣ የስኳር ዝርዝሩን የሚያነበው ልጅ፣ በዚያ ክረምት ሳይሆን በዚያ በጋ፣ ከገና በፊት ከቤቱ ተወሰደ። የወሰዱት የራሱ ቀበሌ ጓዶች ናቸው። እሱም አልተመለሰም።

የእሱ እናት ቤት ወንፊት ሊዋስ የሄደ ሰው አልነበረም። ፍርሃቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ቂሙም ሌላ ምክንያት ነው። በዚያ ሰፈር ልጁ ያላስወሰደበት ቤት ጥቂት ነበርና «የዘራውን አጨደ» የሚለው ብዙ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። እናቴ ተቆጣች። «እማዬ፣ እዚያ ቤት?» አለቻቸው፤ በሩ ላይም ቆማ ልታስቀራቸው ሞከረች። አያቴ የመለሱት አጭር ነበር፦ «ልጁን እግዜር ይየው። እኔ የምሄደው ወደ እናቱ ነው።» ሄደው ወንፊት ተዋሱ።

እናቴ ለዚህ ነገር አያቴን ለብዙ ዓመታት ይቅር እንዳላለቻቸው በግልጽ ትናገራለች። ይህን የምጽፈው ነገሩን በጣፋጭ ተረት ላለመሸፈን ነው። አንዲት እናት ያደረገችው ነገር ሰፈሩን አላስታረቀም፤ ሁለቱ ቤቶች እንደ ድሮው አልሆኑም። እናቴና የልጁ እህቶች እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው።

ፍርድና ድንኳን

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ከሄዱና ደርግ ከወደቀ በኋላ ያ የተከለከለው ለቅሶ በአገሪቱ በየቦታው ተለቀሰ። የጅምላ መቃብሮች ተቆፈሩ፤ ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች አፅሞቹን በመለየቱ ሥራ ረዱ። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለ ሥልጣናት ችሎት ተጀመረ። ከማስረጃዎቹ ብዙዎቹ የመንግሥቱ የራሱ ሰነዶች ነበሩ፤ ገዳዮቹ የፈረሙባቸው ደብዳቤዎች። ችሎቱ 12 ዓመት ፈጅቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኝነት ተፈረደ፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሎኔሉንና የሌሎችን ቅጣት ወደ ሞት አሳደገው። በአገር ውስጥ የታሰሩት ሞት የተፈረደባቸው ባለ ሥልጣናት ቅጣት በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ፣ አብዛኞቹ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ተፈቱ። በኔዘርላንድስም የሄግ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ ለተፈጸመ ግድያ አንድ የቀድሞ የደርግ ተወካይ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዷል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ ጠርሙሶቹ በተሰበሩበት በዚያው አደባባይ ዳር ተከፈተ።

የሟቾቹ ቁጥር ግን ዛሬም አከራካሪ ነው። አፍሪካ ዎች የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት በ1984 ዓ.ም. መግቢያ ባወጣው ዘገባ በአዲስ አበባ ብቻ በትንሹ 10,000 ሰው መገደሉን ገምቷል፤ በመላ አገሪቱ ቁጥሩን ወደ መቶ ሺዎች የሚያደርሱ አሉ። ለእያንዳንዱ ቤት ግን ቁጥሩ አንድ ነው።

በእኛ ሰፈር ድንኳኑ የተተከለው በ1984 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ «የሞተበት ቀን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው እንደጠፋ አስታውሳለሁ። በመጨረሻ «ሚያዝያ 1969» ተብሎ ተጻፈ። ከ15 ዓመት በኋላ ፍትሐት ተደረገ፣ ተዝካር ወጣ፣ ሴቶቹም ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። የዚያ አብዮት ጠባቂ እናትም መጥታ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠች። አያቴ አጠገባቸው አስጠሯት፤ «ለልጅሽም ይተከል እንጂ» አሏት። ሴትዮዋ የመለሰችውን እናቴ አጠገባቸው ሆና ሰምታለች፦ «የእኔ ምን ተብሎ ይተከል?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ልጇ በሙዚየሙ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ገዳይ ነበርና። በፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥም ቦታ የለውም፤ ሞቷልና። በድርጅቱ መጻሕፍት ውስጥ ምናልባት «ሰማዕት» ከሚባሉት አንዱ ይሆን ይሆናል፤ ያስወሰዳቸው ልጆች ስም ግን አብሮ አይጻፍም። ሴትዮዋ ድንኳን ሳይተከልላት አረፈች።

ገዳይና ተገዳይ እኩል ናቸው ለማለት እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳኝ እፈልጋለሁ። አይደሉም። ያ ወጣት ላደረገው ነገር በሕይወት ቢኖር ሊጠየቅ ይገባው ነበር፤ የአጎቴ ደም በከንቱ ፈሶ እንዲቀር አልሻም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፍርድና ለቅሶ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍርድ ለሥራ ነው፤ ለቅሶ ለእናት ነው። አንዱን ለመስጠት ሌላውን መከልከል አያስፈልግም። ደርግ ያደረገው ግን ይህን ነው፤ ለቅሶን ከፍርድ ጋር አጣበቀው። ማን ሊለቀስለት እንደሚገባ መንግሥት ይወስን ዘንድ አደረገ። እኛም ደርግን ጥለን ይህን ትምህርቱን ይዘን ቀረን።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም በፊትና በኋላ በየክልሉ በደረሱት እልቂቶች ወቅት፣ የተማርን ነን የምንለው ሰዎች ምን ስናደርግ ነበር? የወገናችንን ሙት እየቆጠርን የሌላውን ሙት ስንጠራጠር ነበር። የትግራይ እናት ስታለቅስ «መጀመሪያ እነሱ...» የሚል ነበር። በወለጋ የተገደሉ ሰዎች እናት ስታለቅስም እንዲሁ፤ የአማራና የአፋር ተፈናቃይ ሲያለቅስም እንዲሁ። «ማን ጀመረው?» የሚለው የመጻሕፍቱ ጥያቄ ለቅሶ ለመከልከያ መሣሪያ ሆነ። ዛሬ ቀበሌ አልተሰበሰበም፣ አዋጅም አልተነገረም፤ ክልከላውን በራሳችን እጅ፣ በየስልካችን ላይ እያስፈጸምን ነው።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ስለ ክስ፣ ስለ እውነት ማፈላለግ፣ ስለ ካሣና ስለ እርቅ ይናገራል። መልካም ነው፤ ይሠራ ዘንድም እመኛለሁ። ከቀይ ሽብር ችሎት የተማርነው ነገር ቢኖር ግን፣ 12 ዓመት የፈጀ ክስ እንኳ አንድን ሰፈር ወደ አንድ ድንኳን እንደማይመልስ ነው። ይህን ሊያደርግ የሚችል ሕግ የለም። ሕጉ ሊያደርግ የሚችለው ትንሽ ነገር ግን አስፈላጊ ነገር ነው፦ ማንኛዋም እናት፣ ልጇ ማንም ይሁን ምን፣ ሙቷን ፈልጋ የማግኘት፣ የመቅበርና ድምፅ አውጥታ የማልቀስ መብቷ እንዳይነካ ማድረግ። የቀረው የእኛ ሥራ ነው። እድሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያናችንና መስጊዳችን፣ የሰፈር ሽማግሌዎቻችን ከፖለቲካው ቀድመው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴን አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር። አያቴ ያን ቀን ወደዚያ ቤት መሄዳቸውን ዛሬ እንዴት እንደምታየው። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አሁንም አልሄድም ነበር» አለችኝ፤ «ግን እሷ ባትሄድ ኖሮ እኔ ዛሬ የማፍርበት ነገር ይኖረኝ ነበር።» ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የሆነ የእርቅ ንግግር ከአንድም ባለ ሥልጣን ሰምቼ አላውቅም። ይቅር ማለት ላልቻለ ሰው እንኳ የሌላውን ለቅሶ አለመከልከል ይቻለዋል። ከዚያ እንጀምር።

ቸር ያሰማን።